ያልገጠመ መስኮት

የመጋቢት ዝናብ ጃንጥላ ገልብጦ፣
ሕዝቡ ተራ ቆሟል ጭቃውን ረግጦ።
ወረቀቱን ብታይ፣ የጠረጴዛ ልብስ፤
ስም ተደርድሮበት እስከ ጫፉ ድረስ፤
በሲባጎ ታስራ አንዲት ቀይ እርሳስ፣
አንዷን ክብ ፍለጋ ስትመላለስ።
እኔ አንዱን አቀላሁ፣ ባሌ ዳውወ ሌላ፤
ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት በልተን ገባን ኋላ።

ሌሊቱን ተቆጥሮ፣ ሲነጋ ቢታይ፣
መቶ ሃምሳው ወንበር እንደ ባቄላ ፍሬ ተበትኖ መሬት ላይ፤
አንዱ ሃያ ስምንት፣ አንዱ ሦስት ለቅሞ፣
ሰባ ስድስት የሚሞላ ጠፋ ብቻውን ቆሞ።

ሥራዬ ሻይ ማቅረብ፣ ዘ ሄግ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
የአራቱን መሪዎች የስኳር ልክ ማወቅ።
በምርጫው ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን ፊት፣
«እኛና እነሱማ ውኃና ዘይት»
ብለው የማሉት ናቸው። ሻይ ግን ይጠጣሉ፤
አንዷ ባዶውን ነው፣ ሦስቱ ያጣፍጣሉ።

ሚያዝያን ተኮራረፉ፤ ግንቦት ተዘላለፉ፤
ሰኔን ስለ ላም ፍግ ብቻ ሦስት ሳምንት ለፉ።
ሐምሌ ላይ አስታራቂው ከረቫቱን ፈቶ፣
«አልቻልኩም» ብሎ ሄደ፣ ጃንጥላውን ረስቶ።

የዚያ ክፍል መስኮትም አይገጥምም ነበረ፤
እንጨቱ በዝናብ አብጦ የቀረ።
ጠጋኙ መጣና ነካክቶት ሲሄድ፣
«በጀት የለም» አለኝ፣ «መንግሥት ሳይወለድ»።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከባሕሩ ወጥቶ፣
ነፋስ ገባ እንደ ወይፈን፣ መስኮቱን ገፍቶ።
ሰባት ወር የተጻፈ፣ ተጽፎም የተሰረዘ፣
ወረቀት ክንፍ አወጣ፣ ከጥግ ጥግ ተጓዘ።
አራቱም ተንበረከኩ።
ለጸሎት አይደለም፤
ለመልቀም።

ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ ጠረጴዛው ሥር፤
ሄርብራንት፣ የገበሬዎቹ መሪ፣ መነጽሩን ሲያስተካክል ቆይቶ በመጨረሻ ሲሞክር፣
«ይቺንማ እኔ ነኝ የጻፍኳት» ብሎ አንድ አንቀጽ አነበበ በክብር።
ያኮሚን፣ የአረንጓዴዎቹ፣ አፏን ይዛ ቀረች።
የእጅ ጽሑፉ የሷ ነው።
አልተናገረች።
ሲኒዋን ብቻ ወደሱ በኩል ገፋ አደረገች።

ከዚያም ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ተአምር አይደለም።
ማንም የተመኘውን ሙሉውን አላገኘም፤
የኔዋ ቀይ ክብ ግማሿ ነጣ፣ የሱም አላመለጠም።

ማታ፣ ዳውወ ድንች እየላጠ ጠየቀኝ፤
«እንግዲህ ማን ከማን ገጠመ?» አለኝ።
ካፖርቴን ሰቀልኩ። ነፋሱ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።
«ሁሉም ገጠመ» አልኩት፤ «መስኮቱ ግን እንዳለ።»