ቀብድ

ፒያሳ፣ ሙዘሚል ሱቅ፣ ከመስታወቱ ላይ
ሁለት ኪቦርድ ተኝቷል፤ እኔ ቆሜ ሳይ፣
ኪሴ ውስጥ የዕቁብ ብር፣ በላስቲክ የታሰረ፣
ላቤ እየነካካው ዳር ዳሩ የጠቆረ።

"ይሄ አሬንጀር ነው" አለኝ፤ "አንድ ጣት ይበቃዋል፤
ግራ እጅህን አሳርፍ፣ ባንዱ ይከተልሃል።"

አሳረፍኩ።
ከበሮ መጣ፣ ቤዝ መጣ፣ ጊታር ከጎኑ ቆመ፣
ሳክስፎን ከየት እንደሆን ሳይጠሩት ገብቶ አዜመ።
ቺክቺካ የሚል ቁልፍ አለ፤ ወላይትኛ አለ፤
ሲዳምኛም አለ፣ አንድ ሰው ሠርቶ የጣለ፣
ትንሽ የሚያነክስ፤ ግን ሰርግ ላይ ማን አስተዋለ?
አይሰክርም። አያረፍድም።
"እኩል እንካፈል" ብሎ በሌሊት አይሟገትም።
ሚስቱ አታምጥም፤ ዘመድ አይሞትበትም።

አሮጌው ወንድሙ ነው ዘጠኝ ዓመት ያበላኝ፣
ከይርጋለም አለታ ወንዶ፣ ከሰርግ ሰርግ ያዞረኝ።
እሱን የገዛሁ ለታ ነው ባንዳችን የፈረሰ፤
ማንም አልተጣላ፣ ማንም አላለቀሰ።
አንድ ቅዳሜ መሸ ለዱካሞ ሳልደውል፣
በሌላው ቅዳሜ ለቤዚስቱ ለኢዮኤል፤
በሦስተኛው ቁጥራቸው ስልኬ ውስጥ ወረደ ቁልቁል።

ዱካሞ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል።
እዚህም ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ውጪ ይጠብቀኛል።

ስልኬ ላይ ያንጎራጎርኳት አንዲት አንቺሆዬ አለች፣
ጫፏ ላይ ስብር የምትል፣ መሄጃ ያጣች።
ለአሬንጀሩ ሰጠኋት። ተቀብሎ ቬሎ አለበሳት፣
ሊፒስቲክ ቀባና "ካሜራውን እይ" አላት።
ልጄን አላወቅኳት።

"ያኛውስ?" አልኩት፤ ረጅሙን፣ ጠርዙ የተላጠ።
"ወርክስቴሽን ነው፤ አዳማ ላይ ሁለቴ የተሸጠ።
ለሰርግ አይሆንህም። ከበሮም ብትል፣ ቤዝም ብትል፣
እያንዳንዱን አንተው ነህ፤ ከዜሮ፣ ቁጭ ብለህ፣ በትግል።"

ሰካው። ዝም አለ።
አንዷን ነካሁ፤ አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ፣
በማለዳ ጀልባ ሐይቁን ሰንጥቆ እንደሚመጣ።
ከኋላው አጃቢ የለ፣ ሚዜ የለ።
"እሺ፣ ምን ነበር የፈለግከው?" ያለኝ መሰለ።
ዘጠኝ ዓመት ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤
ሰርገኛ የሚያውቀውን ያዛል እንጂ የኔን አይጠብቅም።

ስክሪኑ ላይ አንድ ፋይል፤ "ያላለቀ ሦስት" ይላል።
አርባ ሰከንድ ይሄድና
ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ እንደሞተ ሰው ይቆማል።
ሙዘሚል ባለቤቱን አያውቅም፤ በስንት እጅ አልፎ መጣለት።
"ላጥፋልህ?" አለኝ።
"ተወው" አልኩት።

ግንቦት ላይ አራት ሰርግ አለኝ፤ ለሁለቱ ቀብድ በልቻለሁ።
የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፤ ይሄን ሁሉ አውቃለሁ።
አሮጌው "ሶል" ላይ ተጣብቆ ሙሽሪት ስትገባ ይነጫነጫል።
ማስጠገን ይቻላል ይላሉ።
ይቻላል።

ቆጠርኩለት። ላስቲኩን እጄ ላይ አጠለቅኩት።
ረጅሙን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ ባጃጁ ወሰድኩት።
አልገባ አለ። አንድ ጫፉ ወደ አሞራ ገደል፣ ሌላው ወደ ታቦር ወጥቶ፣
"ለዕቃው ትጨምራለህ" አለኝ ዱካሞ፣ ሳይስቅ፣ ገመዱን ጎትቶ።

ጨመርኩ።

"ይሄኛውስ የማንን እንጀራ ነው የሚበላው?"
"የኔን" አልኩት።
በመስታወቱ አየኝ፤ ሞተሩን አስነሳው።

መናኸሪያው ጋ ቀይ መብራት ያዘን።
ዱካሞ በአውራ ጣቶቹ መሪውን ይመታል፤
ቺክቺካ አይደለም፤ ያቺ የምታነክሰው ቁልፍም አይደለችም፤
አባ ኮዳ አስፋልት ሲሻገር እንደሚረግጠው ያለ፣
ቆም የሚል፣ ከዚያ የሚከነዳ።
ልቆጥረው ሞከርኩ፤ ሰባት ላይ ጠፋኝ።

"ድገመው" አልኩት።

"ምኑን?" አለኝ፤
መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል።