ሰባተኛው በር

ፀሐይ ከመርፌ ጫፍ አንሳ በምትታይበት፣
ከሳተርን ቀለበት ወዲያ፣ ብርሃን በሚደኸይበት፣
በረዶ ጭነን ስንመለስ፣ አራት ነን በቁጥር፣
ራዳሩ አንዲት ነጥብ አሳየን፣ የማትናገር።

ዳምዲን አብራሪያችን ሻዩን አስቀመጠ፣
«ድንጋይ ናት» አለና፣ ደግሞ አፈጠጠ።
ድንጋይ አይደለችም። ድንጋይ አይከተልም፣
ፍጥነት ስንጨምር አብሮ አይጨምርም።

ከዚያ ድምፅ መጣ። እኔ ነኝ የሬዲዮው ጠባቂ፣
ክፉውንም ደጉንም ቀድሞ ሰሚ፣ ቀድሞ አዋቂ።
«ራግና» አለ ድምፁ፣ ስሟን እየቆረሰ፣
«ውሃሽ ጣፈጠ ወይ? አየርሽስ ለሁሉ ደረሰ?»

ሎፔቲ ከሞተሩ ክፍል ቅባት በእጁ ይዞ ወጣ፣
«ማነው?» አለ ልጁ። ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ።
ካፒቴኗ ግን ዝም። ከከንፈሯ ደም ሸሸ፣
አሥራ ሰባት ዓመት የሸፈነችው በአንድ ቃል ተበላሸ።

ኤርኬባይ።
ኢያፔተስ ላይ፣ ጣቢያው በተሰነጠቀ ዕለት፣
ሰባት ሰው ከበሩ ወዲያ፣ እኛ ከወዲህ የቀረንበት።
«ዝጋው!» ተባለ፤ ተዘጋ። አየር ለሁሉ አይበቃም።
«ተመልሰን እናወጣችኋለን» ተባለ። የቁራ መልክተኛ አይመጣም።
ስድስቱ በሳምንት አለቁ። ቀሪው ከእነሱ ጓዳ
የተረፈ አየር እየጠባ፣ ኖረ በሙታን ዕዳ።

ሣር የማያውቅ መሬት፣ ዘር የማይገባው በረዶ፣
ውሃው ድንጋይ የሆነበት፣ አፈሩ ብርድ ወልዶ፣
እዚያ ላይ ምን በቀለ? ብትሉኝ፣ በቀል በቀለ።
ሥሩን አጥንት ውስጥ ሰዶ፣ ዓመት በዓመት አየለ።

የወጋ ይረሳል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ አልረሳሁም፤
መርሳቴን ለመሞከር እንኳ አንድ ሌሊት አልደፈርሁም።

«አርባ ኪሎሜትር ላይ ነኝ። የማዕድን ፈንጂ አለኝ፣
ዐለት የሚሰነጥቅ። የእናንተ ቆርቆሮ ምን ሊሆንብኝ?
ጥያቄዬ አንዲት ናት። ሰባተኛው በር ላይ፣
መዘውሩን ያዞረ እጅ የማን ነው? ልየው እስኪ፣ ልይ።»
«የእኔ ነው» አለች ራግና፣ ሳትተነፍስ፣ ሳትዘገይ።

አዝዛለች እንጂ አልነካችም።
እጁ የእኔ ነበር። ይኸው ይህ፣ አውራ ጣቱ የጎበጠ፣
አሁን ማይክሮፎን ጨብጦ በላብ የቀለጠ።
በትንሿ መስኮት ውስጥ የአንዲት ሴት ጓንት አየሁ፣
መስታወቱን ስትመታ። አየሁ። ከዚያ ዞር አልሁ።

ሎፔቲ ያየኛል። ዳምዲን መሪውን ጨብጧል።
ራግና በዓይኗ «ዝም በል» ትላለች፤ የዝምታ ዕድሜ ግን አልቋል።
«እኔ ነኝ» አልሁ። «ኦድቫር። መዘውሩን ያዞርሁት እኔ ነኝ።
ልጁ አያውቅም። እሷ ትዋሻለች። ቅጣትህን ለእኔ ስጠኝ።»

ዝም።
ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሰው ትንፋሽ ብቻ፣
አየር የሚቆጥብ ሰው ትንፋሽ፣ አጭር፣ ለብቻ ለብቻ።
ሳቅ መሰለኝ። ሳል ነበር። ወይም እንባ የሌለው ልቅሶ።
«እንግዲያ ኦድቫር» አለ፣ ድምፁ እንደ ክር ቀጥኖ፣ አንሶ፣
«የዘጋ እጅ ይከፍታል። እየመጣሁ ነው፤ ክፈት።»
ፈንጂ አልነበረውም። የቀረው የሁለት ሰዓት
አየር ነበር።

ከፈትሁ። ገባ። ሽማግሌ ሆኗል፤ ጥርሱ ረግፏል፤
የራስ ቁሩ ላይ ስድስት ስም በምስማር ጽፏል።
ቢላ አላወጣም። አልተሳደበም። ውሃ ለመነ፣ ጠጣ፣
ከፊቴ ተቀመጠ፣ እንደ ዘመድ፣ ርቆ እንደ መጣ።

ይኸው ስድስተኛ ወራችን። መሬት ገና ሩቅ ናት።
ከድስታችን ይበላል፤ ዕቃ ያጥባል በየእራት።
ራግና ትሸሸዋለች። ሎፔቲ ቼዝ ያጫውተዋል፤
ልጅ አይደል፣ ቂሙን ሳያውቅ ሰውየውን ይወደዋል።

እኔ ግን ሌሊት ስባንን፣ ከመኝታ ክፍሌ ደጃፍ፣
ቆሞ አገኘዋለሁ፣ በመብራቱ ጫፍ።
እጁ መዘውሩ ላይ ነው። አያዞረውም። አይነቃነቅም።
«ተኛ» ይለኛል ቀስ ብሎ፣ «ተኛ ኦድቫር፤ አልዘጋም።»
አምነዋለሁ።
እንቅልፍ ግን አይመጣም።