ጉድለት ፍለጋ

ሠላሳ አንድ ዓመት በወደቡ መጋዘን፣
የዓሣ ሂሳብ ስጽፍ፣ ሳጥን በሳጥን ስመዝን፣
አንዲት ሳንቲም ብትጠፋ እንቅልፍ አጥቼ ሳዝን፣
ጉድለት የሚባል ነገር ነበረ ጠላቴ፤
ዛሬ መድኃኒት ሆኖ ታዘዘ ለደም ግፊቴ።

ሐኪሟ ኤርሲሊያ ወረቀት ላይ አሰመረች፤
«የምትበላው ከምታቃጥለው ይነስ» አለች፣
«በቀን ሦስት መቶ ካሎሪ፣ ከዚያ አትለፍ» ብላ አስጠነቀቀች።
ልጄ ጋስቶን ከሳንቲያጎ ሰዓት ላከልኝ፣
እጄ ላይ ተጣብቆ እንደ ኦዲተር የሚያየኝ።

ቤቴ ኮረብታው አናት ነው፣ ቫልፓራይሶ ላይ፤
የሽቦው አሳንሰር ከቆመ ሰንብቷል፣ ጠጋኙም አይታይ፤
ሁለት መቶ አርባ ደረጃ፣ ከወደቡ እስከ ሰማይ።
ጫፍ ስደርስ ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል፤
«ስድስት መቶ ካሎሪ ዛሬ ተቃጥሏል!»
እኔም ደስ ብሎኝ ዳቦ ቤት ጎራ እላለሁ፣
ትኩሱን ማራኬታ በአቮካዶ እበላለሁ፣
«ትርፍ አለኝ» እያልኩ ከትርፌ እቆርሳለሁ።

ወር ሞላ። ጫማዬን አውልቄ ሚዛን ላይ ወጣሁ፤
ያው ዘጠና አራት ኪሎ! ወርጄ ደግሜ ወጣሁ፣ ተቆጣሁ።
መዝገቡ ቀንሰሃል ይላል፣ እኔ ግን አልቀነስኩ፤
ከሁለት አንዳችን ዋሽተናል ብዬ ጠረጠርኩ።

የድሮ ሙያዬ ተነሳብኝ፤ ወንበር ስቤ፣
ሰዓቱንና ራሴን ፊት ለፊት አቅርቤ፦

ማክሰኞ ማታ ከፊደንሲዮ ጋር ዶሚኖ ስንጫወት፣
ጠረጴዛውን በመታሁ ቁጥር፣ ጠጠሩን ስጥልበት፣
ተቀምጬ ተጉዣለሁ አሉ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በአንድ ሌሊት!
ደረጃውንም አጋኖታል፣ የልቤን ምት ሰምቶ፣
ድካሜን እሳት አድርጎ፣ ግምቱን ቁጥር ብሎ ጠርቶ።

እኔስ? ከልጅ ልጄ ሳህን የለቀምኩት ድንች የታል?
ሰላጣው ላይ ያፈሰስኩት ዘይት የትኛው መዝገብ ላይ ሰፍሯል?
«ጨው አንሶት ይሆን?» ብዬ ሦስቴ የቀመስኩት ሾርባስ በማን ስም ተጽፏል?

እሱ ወጪ ሲያጋንን፣ እኔ ገቢ ስደብቅ፣
ሁለት ሌቦች ሆነን አንድ ካዝና ስንጠብቅ፣
ሆዴ ብቻ ነበረ እውነቱን የሚያውቅ።

ተናድጄ በነጋታው ሺህ ካሎሪ ቆረጥኩ፤
ሐሙስ ዘጠና አራተኛው ደረጃ ላይ ተንገዳገድኩ፣
ብረቱን ይዤ፣ ባሕሩ ሲዞር እያየሁ ተቀመጥኩ።
«ሰባቱን ቀን ደምር፣ ለሰባት አካፍል» አለች ኤርሲሊያ ስቃ፣
«የአንድ ቀን ቁጥር ወሬ ነው፣ አትመነው በቃ!»

አሁን ሰዓቱን የምሰማው እንደ ወሬኛ ጎረቤት ነው፤
ግማሹን ደጅ ትቼ፣ የቀረውን ነው የማስገባው።
ዳቦውንም አልተውኩት፤ ከመቁረሴ በፊት እጽፈዋለሁ፣
ያንን ነው ያቃተኝ፣ ከረሃቡ ይልቅ፣ እላለሁ።

ትናንት ሳህን ሳጥብ ሰዓቱ ወደ መዳፌ ወረደ፤
ማሰሪያው ላልቷል፤ አንዲት ቀዳዳ አጠበቅኩት።
ይህቺን ቀዳዳ አልቆጠራትም፤ ሳህን ማጠቤን ግን
መቶ ሃያ እርምጃ ብሎ መዘገበና ሄደ።