ሦስተኛው ኖዝል

የአባይን ጠመዝማዛ እየጎተተች ስትወጣ፣
ጭሷ ቀድሞኝ ደጀን ገባ፣ እኔ ከኋላ ስመጣ።
አንድ እግሯን እንዳመማት በቅሎ ታነክሳለች፣
ሦስቴ ትረግጥና አራተኛው ላይ ትስታለች።
የአባቴ ፒካፕ ናት፤ ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል፣
ግራ በሯ በገመድ፣ ቀኙ በጸሎት ይዘጋል።

አንማው ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበርና
ሳያየን በድምጿ አወቃት፦ «የባንቴ መኪና!»
አለ፤ ከዚያ ዝም። በጨርቅ እጁን ጠረገ፣
«እሱስ?» አላለኝም፤ ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ።

ካቻቪቴውን አነሳ፣ እጀታው የተሰነጠቀ፣
ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አጣበቀ፤
የጎረቤት ጠብ በግድግዳ እንደሚሰማ ሰው
ትንፋሹን ዋጠና ጥቂት ቆይቶ መለሰው።
«ኖዝል ነው። ከአራቱ አንዱ ሰንፏል፤
መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ ጀምሯል።»

በአሥራ ሰባት ቁልፍ የመጀመሪያውን ቱቦ አላላው፣
ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው።
አጠበቀው።
ሁለተኛውን አላላ፤ እንደገና ተርገፈገፈች፣
ከጉያዋ ልጅ እንደነጠቋት ተንሰፈሰፈች።
ሦስተኛውን አላላ።
ምንም።
ያው ድምፅ። ያው ማነከስ። ናፍጣው በጣቶቹ መሀል
ይፈሳል፤ ሞተሩ ግን ምንም እንዳልጎደለበት ያጉረመርማል።
«ይኸውልህ» አለኝ፣ «በሽተኛው ይኼ ነው፤
ቢወጣም ባይወጣም ቤቱ የማይሰማው።»

አራት ወንድማማች ነን።
ሦስተኛው እኔ ነኝ።
አንማው ይኼን አያውቅም፤ ቃሉ ግን አንገቴን አስደፋኝ።
ከብቸና ከወጣሁ አሥራ አንድ ክረምት አለፈ፤
ያን ዕለት ቤቱ ተንገዳግዶ፣ ድምፁ ተሰብሮ ነበረ?
ወይስ ላሟ ታልባ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እንደ ወትሮው ታደረ?

እሱ ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛውን ነቀለ፤ ጫፉ ከሰል ለብሷል።
በላምባ ዘፈዘፈው፣ በናስ ብሩሽ ፈተገው፣
መሞከሪያው ላይ አስሮ ማንሻውን ተጫነው፤
እንደ ጉንፋናም ልጅ አፍንጫ፣ ጠብ... ጠብ።
«አለቀለት። አፉ ይቀየራል፤ የአንድ ፍየል ዋጋ አዘጋጅ።
ሌሎቹን አጥቤ ግፊታቸውን አስተካክላለሁ፤
አንድ ጎረምሳ ከሦስት ሽማግሌ ጋር ብጠምድ
እርሻ አይሆንልህም።»
ጤነኛውን ሲሞክር ጉም ወጣው፣ እንደ ጮቄ ማለዳ፤
እጄን ሰደድኩ። «አርቅ!» ብሎ ጮኸ፤ «ይኼ ጉም ይበሳል ቆዳ!»

የመዳቧን ቀለበት ግን አልጣላትም። አሮጌዋን
ፍም ላይ አቀላት፣ ውሃ ውስጥ ነከራት።
«መዳብ ከደደረ ያፈሳል፤ ሲለሰልስ ነው የሚይዝ።»

«ናፍጣውን ከየት ገዛህ?»
«ከመንገድ። ከጀሪካን።»
«ውሃ አለበት። ባንቴ ነጠላ አራት አጥፎ ያጠልለው ነበር፤
የማደያውንም እንኳ አያምን ነበር።
እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ያማርራል፦
ሦስተኛው ልጄ ከሄደ ወዲህ ጠዋት የሚገፋልኝ ጠፋ፣ ይላል፤
ዳገት ላይ ነው የማሳድራት፣ ራሷ ተንከባላ እንድትነሳ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዳገት ላይ አሳደራት።
አንተ የትኛው ነህ?»

አልመለስኩም። ቁልፉን አዞርኩ፤ ባትሪው አቃስቶ ተኛ።
አንማው መሪውን ይዞ ገባና «ግፋ» አለኝ።
ወደ ኋላ ዞርኩ። ከቀኙ መብራት አጠገብ
ቆርቆሮዋ ጎድጎድ ያለበት ቦታ አለ፤
ትከሻዬ ሳልነግረው ሄዶ ገባበት።
ቁመቴ ጨምሯል፤ ትንሽ ጎንበስ አልኩ።

ገፋሁ። የደጀን አቧራ ጫማዬን ሞላው።
አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣
ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
ማንንም ሳትዘል።

«ገባኝ!» ብሎ ጮኸ አንማው በመስኮት።
ምን እንደገባው አልጠየቅሁም።