ያለ ጭቃ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ማኅተም ስረግጥ ኖሬ፣
ጣቴ ሐምራዊ ሆኖ ተመለስሁ አገሬ።
ከአንገረብ ማዶ፣ ካባቴ እርሻ ዳር፣
ካቡ ተደርምሷል፤ ሐምሌ ወስዷል አፈር።
ድንጋዩ ተበትኖ፣ እንደ ተጣላ ዘመድ፣
ጀርባ ተሰጣጥቶ ተኝቷል በየመንገድ።

“ሲሚንቶ ላምጣልህ?” አለ የእህቴ ልጅ፣
ባጃጁን ሳያጠፋ፣ እንደ ቆመ ከደጅ።
አያ አስረስ ግን ሳቁ፤ ጎረቤቴ ናቸው፤
መዳፋቸው ሻካራ፣ ጥቂት ነው ቃላቸው፦
“ጭቃ የበላ ግንብ ውሃ ያቁራል በሆዱ፤
ካብ ግን ያሳልፋል፣ አይዘጋም መንገዱ።
ደግሞ አንድ ነገር ስማ፦ ያነሣኸውን ድንጋይ
ቦታ ሳታገኝለት አትጣል መሬት ላይ።”

ይኸው ነው ትምህርቱ። ሌላው የወገብ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ አንድ ክንድ ነበረ፤
ከዘርትሁን ፍየል ጋራ ሲጫወት አምሽቶ፣ ሜዳ ሆኖ አደረ።
በማግሥቱ ጣቴ በድንጋይ ተጨፈለቀ፤
ሐምራዊው ተመልሶ ከጥፍሬ ሥር ዘለቀ።
በዚህኛው አላፈርሁም።

ትልቁን ከሥር አስተኛሁ፤ ፊቱ ወደ ሜዳ፣ ጅራቱ ወደ ጓዳ፤
መሐሉን በጠጠር አጠገብሁ፣ እንደ ራበው እንግዳ።
አንዲት ጠማማ ነበረች፣ የበሬ ጉልበት የመሰለች፤
ሕግ አፍርሼ ጣልኋት፤ ደግማ ከእጄ ገባች።
ደግሜ ጣልኋት።

ዐርብ፣ ፀሐይ ወደ ከተማው ስታዘነብል፣
ከሁለት ጥቁር ድንጋይ መካከል
ጉልበት የሚያህል ክፍተት አየሁ፤
ከሣሩ ውስጥ ፈልጌ፣ አቧራዋን ጠርጌ አስገባሁ።
ድም አለች።
ያን ድምፅ በቢሮ ዕድሜዬ አንድ ቀን አልሰማሁትም፤
ማኅተም እንዲህ አይልም።

ከማዶ ግንቦቹ ይታያሉ፤ ኖራ የጠጡ፣ ስም ያወጡ።
የኔ አሥራ ስድስት ርምጃ ነው፤
መንደሩ አሁንም “የፈረሰው ካብ” ነው የሚለው።

ዘርትሁንና እኔ፣ በፍየሏ ጣጣ
ካብ ለካብ ስንተያይ ከርመን፣
ትናንት በነጠላዋ ጫፍ ሽብልቅ ቋጥራ መጣች፤
“ይኼ ይሆንሃል” አለች፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄደች።
አምስቱ ሆነ። ስድስተኛው ኪሴ ውስጥ አለ።

ማታ፣ ወገቤ እየጮኸ፣ አልጋ ላይ ስዘረጋ፣
ጣቶቼ አያርፉም፤ የትራሱን ማዕዘን ይዳስሳሉ፤
“ይኼስ የት ነው ቦታው?” ይላሉ፣
እስኪነጋ።