ሶሪ

ለገሃር ሰልፍ ላይ አንዱ እግሬን ረገጠኝ፣
«ሶሪ» አለ እንደ ዋዛ፣ ሳያየኝ ሳይለየኝ።
ቀላል ናት ያቺ ቃል፤ የስሙኒ ነገር ናት፣
ለክርን ግፊያ ትበቃለች፣ ለተረገጠ ጣት።

ዞር ሲል፣ ልሳኑ ነው።
የቁልፍ መቅረጫ ሱቃችንን ሽጦ
ሰባት ዓመት ሙሉ የጠፋው አምልጦ።
«ሶ…» ብሎ ጀመራት፤ መልሶ ዋጣት።
ለሱቅማ ድንጋይ ነው፣ በማጅራት አዝለው
ሽማግሌ ፊት የሚቆሙት ጎንበስ ብለው።

ረዳቱ «ሁለት ሰው!» ሲል ገባን ጎን ለጎን፣
ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ሆንን።
ሜክሲኮ ላይ «ወራጅ» አለ፤
ወረደ።

ሳር ቤት ስንቃረብ ብሬን ብዘረጋ
ረዳቱ እጄን መለሰው፦
«ያንተ ተከፍሏል።»

ስንቱ? ልለው ነበር፤
እሱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
ሌላ ሰው ይጣራል።