ዘመድ ጥርስ

ፎርትስሃይም፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ አንድ ብቻ፣ እሱም ዞሮ ግንብ የሚያይ፣
እዚያ ነው የምውለው፣ ጥርስ ስቀርጽ በሰም፣
ሰውየውን ሳላየው፣ ሳላውቀው በስም።

የሚመጣልኝ ሣጥን ነው፤ በጀሶ የታተመ አፍ፣
ቁጥር የተለጠፈበት፣ በክዳኑ ጠርዝ በጫፍ፤
«አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ የላይ መንጋጋ፣ ግራ።»
ከተማውን በንክሻው ነው የማውቀው፣ በየተራ፦
ይህ ሌሊት የሚያፋጭ ነው፤ ይህች እርሳስ ትበላለች፤
ያቺኛዋ ባንድ ወገን፣ ሌላውን ፈርታ፣ ታኝካለች።

ንጹሕ ወርቅን ሰው ያመስግነው፤ ለመንጋጋ ግን አይበጅም፣
ይለዝባል፣ ይለመጣል፤ ከጥቁር ዳቦ ቅርፊት ጋር
ለአንድ ክረምት አይወዳጅም።
ፕላቲነም ይገባበታል፣ ፓላዲየም፣ ብርና መዳብ፣
እያንዳንዱ በሚዛን፣ በመቶኛ፣ በሒሳብ፤
ከተቀየጠ ወዲያ ነው ወርቁ ጉልበት የሚያወጣው።
(ይህን ከራሴ ሕይወት ጋር አላገናኝም፤ አንባቢ ካሻው ያምጣው።)
ገንዘብ ላጠረው ኮባልት አለ፣ ከክሮሚየም የተጋባ፣
ሲሞርዱት የሚጮኽ፣ ግራጫ፣ እሺ ብሎ የማይገባ።
ቲታኒየም ሌላ ነው፤ አጥንት እንደ ልጁ ያቅፈዋል፤
የአለቃዬ የዊልፍሪድ ዳሌ ውስጥ አለ፣
በረዶ ሲመጣ ቀድሞ ያውቀዋል።

በጥቅምት አንድ ሽማግሌ መጣ፣ ሄር ኦትማር የሚባል።
ሕመምተኛ ወደኛ አይመጣም፤ ደረጃው ራሱ ይከብዳል።
ከኮቱ ኪስ የክብሪት ቀፎ አወጣ፣ በቀስታ ከፈተው፤
የሚስቱ የሂልትሩድ ጥርስ ነበረ፣
የወርቅ ቆብ፣ ጥጥ ላይ ያስተኛው።
«አምና ጥርሱን ነቀሏት፤ ዘንድሮ እሷን ቀበርኳት፤
አቅልጪና ለእኔ ከሚሠራው ጋር ቀይጪያት።»

ዊልፍሪድ ከጓዳ ሰማ። ጓንቱን አወለቀ።
«አይቻልም» አለው፤ ድምፁ ግን ደቀቀ።
«የምስክር ወረቀት የለው፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅ፤
ደግሞም…» ዝም አለ፣ መስኮቱን አየ። «አያቴ ወርቅ
ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ነው ያቀለጠው፣ በዚያ ዘመን፣ በዚህ ቤት።
እኔ እጠይቃለሁ።»
ከዚያ ወዲያ የተሰማው የምድጃው ጉርምርምታ ነው፣ የእሳት።

ሄር ኦትማር ደረጃው ላይ ቆመ። «በቀብሯ ዕለት» አለኝ፣
«ለመጣው ሁሉ ፈገግ ስል ነበር፤ አፌን ማን እንዳዘዘኝ
እንጃ። አፈርኩ።» እኔም አልኩት፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ፦
«በእኛ አገር ‹ጥርስ ባዳ ነው› ይባላል፤
ልብ እያረረ ይስቃል፤ አይደለም የኛ።»
አሰበበት። ቀፎውን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣ፣ ሰጠኝ፤
«እንግዲያውስ» አለ፣ «ዘመድ የሆነ ሥሪልኝ።»

ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ በአጉሊ መነጽር አየሁት፤
ሁለት ግራም ተኩል። አላቀለጥኩትም፤ ገለበጥኩት።
በክራንቻው ጫፍ ላይ ቀጭን ቦይ አለ፣ የክር መንገድ፤
አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች፤
በጥርሷ ስትበጥስ፣ ስትጎትት፣ ስትቀድ።
ያንን ቦይ በሰም ቀረጽኩ፣ በኦትማር ክራንቻ ጫፍ፣
በጀሶ ቀበርኩት፣ እሳት ሰጠሁት፣ ሰሙ በጭስ እስኪያልፍ፤
ሰሙ በሄደበት ባዶ ቦታ አዲሱ ወርቅ ሮጦ ገባ፣
ባለ ወረቀቱ፣ ባለ ቁጥሩ፣ ከማንም ጋር ያልተግባባ።
«ሰሙን ጣል፣ ወርቁን ያዝ» ይሉ ነበር መሪጌታ፤
ሰሙ ባይቀድም ወርቁ ምን ነበር?
መልክ የለሽ ጠብታ።

ሐኪሟ «ከፍ ብሏል» ብላ ሁለት ጊዜ መለሰችው፤
ሁለት ጊዜ ሞረድኩ ዙሪያውን፤
ቦዩን ግን ተውኩት፣ እሷ እንዳሠመረችው።
የክብሪቱን ቀፎ በፖስታ ላክሁለት። መልስ የለም።

ኅዳር መጨረሻ ዳቦ ቤት አየሁት፣ ሰልፍ ላይ፣ አፉ እንደ ተከደነ፤
ምላሱ በግራ ጉንጩ ውስጥ ስትሄድ፣ ስትመለስ፣
ክር እንደጠፋው ሰፊ፣ ያችን ቦይ ስትዳስስ።
እኔን አላየኝም። ተራው ደረሰ፤ ወደ ሻጯ አዞረ ፊቱን፤
«ግማሽ ዳቦ» ብሎ አዘዘ፣ ጥቁሩን፣ ባለ ቅርፊቱን።